የሁሉን ወረቀት አይቶ የአባቱን ያላየ

ዴልመር ስቲድሃም ፊት "ወረቀቱ ቤት ቀርቷል" ብሎ መትረየስ ሊሸጥ የሞከረ ሰው፣ በዚህ በምሥራቅ ኬንታኪ ሸለቆ ሁለተኛ አይሞክራትም። ዴልመር ይሳደባል ማለቴ አይደለም፤ ስድብ አልፈጠረበትም። መነጽሩን ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ ወልወል አድርጎ፣ "እንግዲያው መትረየሱንም እዚያው መተው ነበረብህ" ይልና በመሣሪያ ገበያው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ይኸው ነው። የዚያ ሰውዬ ገበያ ለዚያን ቀን አበቃለት። ዴልመር ጥሎት ያለፈ ጠረጴዛ ላይ ማን ይቆማል?

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ኖሯል። ሚስቱን ከቀበረ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሀብት የሚባል ነገር በደጁ አልፎ አያውቅም፤ የድሮ የጦር ሜዳ መትረየስ ነገር ሲነሳ ግን ሐኪሙም ነጋዴውም ስልክ የሚደውለው ለሱ ነው። ብረቱን ሳይነካ ወረቀቱን ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ጣቱን እያስኬደ ያስተያያል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሱ ነገር።

ወረቀት ወረቀት የሚለው ወዶ አይደለም። በፈረንጆቹ 1986 መንግሥት የመትረየስ መዝገቡን ዘጋ። ከዚያ በፊት መዝገብ ላይ የሰፈረ መትረየስ ከሰው ወደ ሰው በሕግ ይሸጣል፤ ያልሰፈረው እስከ ዕለተ ምጽአት አይሰፍርም። እንግዲህ አስቡት። ዕቃው አንዲት አይጨምርም፣ የሚፈልገው ሀብታም ግን በየዓመቱ ይፈላል። ድሮ አንድ ወር ጉድጓድ የወረደ ሰው በደመወዙ ይገዛው የነበረው ብረት፣ ዛሬ የቤት ዋጋ ያወጣል። ያው ብረት፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው ዓመት ሆኖ ወረቀት ከሌለው ደግሞ የሚያወጣው የእስር ዓመት ነው።

ዴልመር ራሱ ከዚህ ዋጋ አንዲት ሳንቲም አልቀመሰም። ልጁ ዳርላ በ1984 ስትወለድ የሆስፒታሉን ለመክፈል ቶምሰን የሚባለውን መትረየሱን በዘጠኝ መቶ ዶላር ሸጦታል። ያ ቶምሰን ዛሬ ሠላሳ ሺህ ያወጣል። ዳርላ ስታናድደው "አንቺ እኮ የዚህ አገር ውዷ ልጅ ነሽ" ይላታል፤ እሷም "እንግዲያው መልሰህ ለውጠኝ" ትለዋለች። ሌሎቹንም እንደዚሁ፣ አንዱን ለጣሪያ፣ አንዱን ለመኪና፣ ሁልጊዜ ዋጋው ሊወጣ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ሸጦ ጨረሳቸው።

አንድ ብቻ አልሸጠም። የአባቱን።

አባቱ ሆባርት ስቲድሃም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ነው ይዞት የመጣው፤ የጀርመን መትረየስ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ አፈሙዙ በወንፊት ብረት የተሸፈነ። በጓዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ማንም አልተኮሰበትም፤ ሆባርት አይፈቅድም ነበር። በጀርመን ጫካ ውስጥ ብቻውን ምሽግ ሰብሮ እንደማረከው በየዓመቱ የምስጋና በዓል ዕለት፣ የቱርክ ዶሮው ተቆርጦ ሳያልቅ ይተርካል። በ1968 መንግሥት የሠላሳ ቀን ምሕረት አውጥቶ፣ ከጦር ሜዳ መትረየስ ያመጣ ሁሉ ሳይጠየቅ ያስመዝግብ ሲል፣ ሆባርት ቅጹን ከከተማ አመጣ። ጨረስኩ አለ። ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ በቆርቆሮ ሳጥን አስቀመጠ፤ በፖስታው ላይም "የመትረየሱ ወረቀት። ካልሸጥከው አትክፈት" ብሎ ጻፈበት። ሲሞት ሳጥኑ ለዴልመር ደረሰ።

አሁን እናንተ ምን ትላላችሁ? የአገሩን ሁሉ ወረቀት በመነጽር የሚመረምር ሰው፣ በገዛ ቤቱ ያለችውን ፖስታ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አልከፈታትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ግን እዚህ አገር የሰው ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የአባትን ወረቀት መጠየቅ ነው ነውሩ። አባቱ "ጨረስኩ" ብሏላ።

ነገሩ የመጣው በኮረብታው ሰበብ ነው። ዳርላ ሉዊቪል ከተማ የነበረውን ሥራዋን ትታ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ቤት ከፍ ብሎ፣ ከኮረብታው ሥር ትንሽ ቤት ሠርታ፣ ፍየል እያረባች አይብ ትሸጣለች። ውሃዋ ከኮረብታው ከሚወርድ ምንጭ ነው። ኮረብታው ግን የእትዬ ኦፓል ታኬት ነው። እትዬ ኦፓል ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የወለዱት የለም፣ ከተማ ወርደው የወንድማቸው ልጅ ቤት ተጠግተዋል። ሸለቆው በሙሉ፣ ዘመድ ሆነ ባዳ፣ እትዬ ነው የሚላቸው። በዚያ ዓመት የበረዶ ወራት አንድ የጠጠር ኩባንያ መጥቶ ኮረብታውን ለድንጋይ ካባ እገዛለሁ አላቸው። ድማሚት ማለት ነው። አቧራ ማለት ነው። ምንጩም አለቀለት ማለት ነው።

ዴልመር ባርኔጣውን ይዞ እትዬ ኦፓል ዘንድ ሄደ። እሳቸውም ኩባንያው ከሚሰጠው ቀንሰው፣ ለጎረቤት ሲሉ በሃምሳ አምስት ሺህ ሊለቁለት ቃል ገቡ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጠብቀው፣ ከዚያ በኋላ ለኩባንያው እንደሚፈርሙም ሳይደብቁ ነገሩት። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ አስታማሚ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ማን ይፈርድባቸዋል።

ስለዚህ ዴልመር የአባቱን መትረየስ ሊሸጥ ቆረጠ። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለው፤ በአራተኛው ቀን ስልኩን አነሳ። ከሌክሲንግተን አንድ የጥርስ ሐኪም ዋጋ ሳይከራከር ስልሳ ሁለት ሺህ ዶላር እሰጣለሁ አለ። የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ላክልኝ አለው። ዴልመር ደስ አለው። ሰውዬው ደንበኛ ገዢ ነው፤ ወረቀት ያስቀድማል።

ፖስታዋን የከፈታት ማክሰኞ ጠዋት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ዳርላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነው። ውስጧ ሁለት ወረቀት ነበር።

አንደኛው የ1968ቱ የምዝገባ ቅጽ ነው። ማኅተም የለበትም። ፊርማ የለበትም። ከዚህ ቤት ወጥቶ የማያውቅ፣ ዋናው ቅጽ። የሆባርት የእጅ ጽሑፍ ስሙን ሞልቷል፣ አድራሻውን ሞልቷል፣ የመትረየሱን ቁጥር አንድም ሳይሳሳት ሞልቷል። ከዚያ "መሣሪያውን ከማን፣ እንዴት አገኙት?" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ "ከኤመት ታ" ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ደግሞ፣ የሞላሁት እውነት ለመሆኑ እምላለሁ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ሁለተኛው ቢጫ የሆነ የሠራዊት ወረቀት ነው፤ የምርኮ ወረቀት ይሉታል። ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገኝ የመትረየሱ ዋጋ በሺዎች ይጨምራል፤ ዴልመር ይህን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው አስረድቷል! ወረቀቱ መትረየሱን የማረከው ወታደር ኤመት ታኬት ነው ይላል። ከግርጌው የሻምበሉ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ "ኤመት በቁስሉ ሞቷል። ለእናቱ እንዲያደርስ ለጎረቤቱ ለሆባርት ስቲድሃም ተሰጥቷል።"

ኤመት ታኬት የእትዬ ኦፓል ታላቅ ወንድም ነው።

ዴልመር ሁለቱንም ወረቀት ደጋግሞ አነበበ። መጀመሪያ የገባው የገንዘቡ ነገር ነው፤ አልዋሽላችሁም። ስልሳ ሁለት ሺህ ዶላር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ያ በጓዳ የተሰቀለው ብረት በሕግ ፊት የሌለ ነገር ነው፤ ካለም ወንጀል ነው። ቀጥሎ ተናደደ፣ ጆሮው እስኪቀላ ተናደደ። ማፈሩ የመጣው ከሁሉ ኋላ ነው፤ መጥቶም አልሄደም። አባቱ ገበታ ላይ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሲዋሽ ኖሮ፣ በመሐላ ወረቀት ላይ መዋሸት አቃተው። እውነቱንም ጽፎ መጨረስ አልሆነለትም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ውሸታም እንዳትለው ብዕሩን አስቀምጧል፤ እውነተኛ እንዳትለው የሰው አደራ በልቷል።

ዳርላ ወረቀቶቹን አንብባ ስትጨርስ፣ "አባዬ፣ አያቴ እኮ አትክፈት ነው ያለህ እንጂ አትጠርጥር አላለህም" አለችው።

ጠበቃ ጠየቀ። ጠበቃውም ነገሩን አላወሳሰበበትም፤ ለማስመዝገብ ምንም መንገድ የለም፣ በገዛ እጅህ ለመንግሥት አስረክብ፣ አባትህ የሠራው ነው ብለህ እውነቱን ከተናገርክ የሚነካህ አይኖርም አለው። የጥርስ ሐኪሙን ዴልመር ራሱ ደውሎ ሸኘው።

ወሬ ግን እግር አለው። በሳምንቱ ወንደል መጣ። ወንደል የዴልመር የአርባ ዓመት የገበያ ጓደኛ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወረቀት የማይጠይቁ ሰዎችንም ያውቃል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቡናውን ፉት እያለ፣ አርባ ሺህ በጥሬው የሚሰጥ ሰው እንዳለ፣ ዓርብ ዕለት በጭነት መኪና መጥቶ እንደሚወስደው፣ ማንም እንደማይሰማ ነገረው።

"እኔና አንተ የስንት ሰው ገበያ ዘግተናል፣ ወንደል፣ ለዚህ ነገር?" አለው ዴልመር።

"እሱ የሰው ነበራ" አለ ወንደል። "ይሄ የልጅህ ውሃ ነው።"

ዳርላ ከበሩ ኋላ ሆና ሰምታለች። አሥራ አምስት ሺህ ዶላር በባንክ አላት፤ አርባና አሥራ አምስት ስንት እንደሚሆን ሦስቱም ያውቃሉ። ወንደል ሲሄድ ወጥታ ኩባያዎቹን ሰበሰበች። ሽጠው አላለችም፤ አትሽጠውም አላለችም። ዴልመርን የከበደው ይህ ዝምታዋ ነው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን ነበር። ዴልመር መኪናውን አስነስቶ ወደ እትዬ ኦፓል ወረደ። ምን ሊላቸው እንደሄደ እሱም አያውቀውም። አንድ ልቡ "ገንዘቡ ዓርብ ይደርሳል" በል ይለዋል። ቢጫውን ወረቀት ግን በደረት ኪሱ ይዞታል። ለምን እንደያዘው ብትጠይቁት አይነግራችሁም ነበር።

እትዬ ኦፓል መስኮት ሥር ባለ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ጆሮአቸው ከበድ ብሏል፣ ዓይናቸው ግን በመርፌ ክር ያስገባል። ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ። ስለ ዳርላ ፍየሎች ጠየቁት። ከዚያ፣ እንዲያው ስለ ጤናው እንደሚጠይቁ ሆነው፣

"መትረየሱስ ደህና ነው?" አሉት።

ዴልመር ከወንበሩ ቀና ብሎ፣ "የቱ መትረየስ፣ እትዬ ኦፓል?"

"የወንድሜ ነዋ።"

ሻምበሉ ለእናታቸው ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በ1945 መጀመሪያ ላይ ደረሰ። ልጅሽ በጀግንነት የማረከውን መሣሪያ ጎረቤትሽ ሆባርት ይዞልሽ ይመጣል ይላል። ሆባርትም በዚያው ዓመት መከር ላይ በደህና ገባ። እትዬ ኦፓል ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፊታቸውን ታጥበው፣ ሽርጣቸውን ቀይረው፣ በረንዳ ላይ ሲቀመጡ ያዩ ነበር። የሆባርት ቤት ከበረንዳው ይታያል። ጭሱ ይታያል። አንድ ሺህ እርምጃ አይሞላም።

"እናቴ ብረት ምን ያደርግላታል?" አሉ እትዬ ኦፓል። "እሷ የፈለገችው አባትህ መጥቶ ልጇ እንዴት እንደሞተ እንዲነግራት ነው። ሌላ ያየ ሰው አልነበረማ። ልጥራው ስላት፣ ተዪው፣ ዝግጁ ሲሆን ይመጣል አለች። መትረየሱን ስላስቀረ አፍሮ ነው የቀረው፤ ገብቶናል። ያኔውኑ መጥቶ መትረየሱን ልውሰደው ቢላት፣ ምርቃት ጨምራ ትሰጠው ነበር። ኮረብታውንም ጭምር ትሰጠው ነበር። እሱ ግን ቤተ ክርስቲያኑን እንኳን ቀየረ፤ እኛን ላለማየት።"

ዴልመር ይህን ሲሰማ ልጅነቱ ተመለሰበት። እሁድ እሁድ ደጃቸው ያለውን ቤተ ክርስቲያን አልፈው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ አርባ ደቂቃ በመኪና ሄደው የሚጸልዩት ለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። አባቱ የእምነት ልዩነት ነው ብሎ ነበር።

"ስንት ዓመት ጠበቁት?" አላቸው።

"በስልሳ ሦስት ነው የሞተችው። አሥራ ስምንት ዓመት።"

ዴልመር ቢጫውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ፖስታዋን፣ ቅጹን፣ ያልተጨረሰችውን መስመር፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የወንደልን አርባ ሺህም ሳይቀር። የእርስዎ ዕቃ ነው፣ ግን ለእርስዎም ልሰጥዎ ሕጉ አይፈቅድልኝም አላቸው። ነገ ጠበቃዬን ይዤ ለመንግሥት አስረክበዋለሁ፤ ኮረብታውን ከእርስዎ ልገዛ አልችልም፤ ሰኞ ለኩባንያው ይፈርሙ አላቸው።

እትዬ ኦፓል ወረቀቱን ቀስ ብለው አነበቡ። "እፈርማለሁ" አሉ። "ዘጠና ሦስት ዓመት ሆኖኝ ንፋስ አልበላም።"

ፈረሙም። እንደ ቃላቸው ሰኞ ፈረሙ። ዛሬ እኔ ይህን ስተርክ የኮረብታው ግማሽ ተገምጧል፤ ዳርላ ውሃ በበርሜል ታመላልሳለች፣ ስድስት ፍየል ሸጣለች፣ ለአባቷ ግን ክፉ ቃል አልወጣትም። መትረየሱን ሁለት ትሑት የመንግሥት ሰዎች መጥተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዱት። ወንደል ለአንድ ዓመት ያህል አኩርፎ፣ በኋላ ራሱ ታረቀ።

ያን ሐሙስ ግን ዴልመር ተነስቶ ባርኔጣውን ሲያነሳ፣ እትዬ ኦፓል እጅጌውን ያዙት።

"ቁጭ በል። አባትህ ገበታ ላይ የሚያወራው ነገር አልነበረም? ሸለቆው ሁሉ ሰምቶታል፤ እኛ ነን ያልሰማነው።"

ነበረ እንጂ! ዴልመር በቃሉ ያውቀዋል። ሠላሳ ጊዜ ሰምቶታል፤ የቱ ጋ አባቱ ሹካውን እንደሚያስቀምጥ፣ የቱ ጋ ድምፁን እንደሚቀንስ ሳይቀር ያውቃል። ግን አባቱ "እኔ" እያለ ነው የሚያወራው። ዴልመር ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፤ አባቱ "እኔ" ባለበት ሁሉ "ኤመት" እያለ።

ኅዳር ነበር። ዝናቡ ወደ በረዶ እየተቀየረ ነበር። ጓዶቹ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው ቀና ማለት አልቻሉም። ኤመት ብቻውን በትንሽ ወንዝ ውስጥ በሆዱ እየተሳበ፣ ውሃው እስከ አገጩ ደርሶ፣ ምሽጉን በስተጀርባ ዞረው። ውስጡ ሦስት ጀርመኖች ነበሩ። አንዱ ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት አይሞላውም፣ እጁን ሰቅሎ ያለቅሳል። ኤመት ኮቱ ውስጥ አንድ ጣሳ የታሸገ የኮክ ፍሬ ነበረው፤ አንድ ወር ሙሉ ለልደቱ ብሎ የደበቀው። በጩቤ ከፍቶ ለዚያ ልጅ ሰጠው። ልጁም በጣቱ እያወጣ እያለቀሰ በላ። ሲመለሱ ነው የመድፍ ጥይት ዛፉ ላይ የፈነዳው።

"ተሠቃየ?" አሉ እትዬ ኦፓል።

"አላውቅም፣ እትዬ ኦፓል። አባቴ እዚያ ሲደርስ ያቆም ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዴልመር ያለቀሱ መስሎት ደንግጦ አጎነበሰ። እየሳቁ ነበር፣ እንባቸው እየወረደ።

"ኤመት ኮክ ሰጠ? የኔ ወንድም? ከቤት የሄደ ቀን ጠዋት ለአንዲት ማንኪያ ኮክ እጄን መትቶኛል፣ ያ ስስታም።" ዓይናቸውን በብርድ ልብሱ ጠረጉ። "እንደገና ንገረኝ። ኮኩ ጋ ስትደርስ ደግሞ ቀስ በልልኝ።"